አያቴ የመረቁት ዓሣ አጥማጅ

ለአያቴ ዓሣ አጥምዶ ማብላት የነበረበት እኔ ነበርኩ። የልጃቸው ልጅ እኔ ነኝ፤ የማጥመጃ ዘንግ ያለኝም እኔ ነበርኩ። ያበላቸው ግን ከከላላ መጥቶ እኛ ቤት ይኖር የነበረ ጓደኛዬ ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ከመካነ ሰላም ርቄ ተቀምጬ ሳስበው እንኳ ቅናቱ ይመለስብኛል።

ነገሩ የሆነው ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ሳለን ነው። አባቴ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። የጓደኛዬ አባት ከላላ ውስጥ ለልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ መምህር ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የተዋወቁት በገበያ ነው። ልጃቸው በአገሩ ያለውን ትምህርት ሲጨርስ ወደ አባቴ ይዘውት መጡና፣ «አደራ፣ ከልጅህ ለይተህ አትየው» አሉ። ልጁም የበሶ ስልቻውንና ውዱእ የሚያደርግበትን ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ከእኔ አልጋ ትይዩ ገባ።

አደራውን ከአባቴ ይልቅ የያዘችው እናቴ ናት። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራት ነበር። እኛ ክርስቲያን ነን፤ እሱ እስላም ነው። እኛ ያረድነውን እሱ አይበላም፤ የእነሱንም እኛ አንበላም። ስለዚህ በበዓል ቀን እኛ ዶሮ ስንበላ ለእሱ በሌላ ድስት ሽሮ ይሠራለታል፤ በሌላ ሳሕንም ይቀርብለታል። እሱ ምንም አይመስለውም። እናቴ ግን ሳሕኑን ለብቻ ባየች ቁጥር ትከፋለች። በአንድ ትሪ አብረን የምንበላው የሥጋ ዘር ዓሣ ብቻ ነበር። ዓሣ ቢላ አይፈልግም፤ ማን አረደው ተብሎም አይጠየቅም። ቤታችን ውስጥ ዓሣ የተለየ ክብር የነበረው ለዚህ ነው።

ዘንጉን ያመጣልኝ አባቴ ነው። ያስተምረን የነበረ አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሁሉ ሸጠ፤ አባቴም ከብርድ ልብስና ከፋኖስ ጋር የዓሣ ማጥመጃውን ገዛልኝ። ለሁለት የሚነቀል የብረት ዘንግ ነው፤ እጀታው ላይ የናይለን ክሩን የሚጠቀልል መዘውር አለው። አብሮት በመጣው ሣጥን ውስጥ ከሆዳቸው መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው፣ የሚያብረቀርቁ የቆርቆሮ ዓሣዎች ተደርድረዋል። መምህሩ እንደነገረን በአገሩ እንቁራሪት ሳይቀር የሚውጥ አንድ አፈ ሰፊ ዓሣ አለ፤ ያ ሁሉ የተሠራው ለእሱ ነው። የእኛ ወንዝ ዓሣ አፍ ግን የሸሚዝ ቁልፍ ቢያስገባ ነው። ያኔ ይህን አላሰብኩም። ዘንጉን ተሸክሜ በገበያው መሐል ሳልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

ጓደኛዬ ከእናቴ የስፌት መርፌ ለመነና በኩራዝ እሳት አግሎ አጎበጠው። ከሱቃችን ቀጭን ሲባጎ ወስዶ አሰረበት።

«ይኼ ዓሣ ሊይዝ?» ብዬ ሳቅኩበት።

«ኢንሻአላህ ይይዛል። ካልያዘም አቃንቼ ሱሪዬን እሰፋበታለሁ» አለኝ።

ቅናቴ የጀመረው ግን ወንዝ ዳር አልነበረም፤ እቤት ነው። አንድ ቀን ከሱቅ ስገባ እናቴ ምስር እየለቀመች፣ እሱ ከአጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያወሩ ደረስኩ። ወሬው ስለ ወንዝ ነው። እናቴ የተወለደችው ከመካነ ሰላም በስተ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ በሚያወርደው ቆላ ነው። ልጅ ሳለች ለአባቷ ምሳ ይዛ ወንዝ ትወርድ እንደነበር፣ እሳቸው ሲያጠምዱ ትንፋሿን ውጣ አጠገባቸው ትቀመጥ እንደነበር ትነግረዋለች። እኔ ልጇ ሆኜ ይህን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

«ከዚያስ እትዬ?» ይላታል።

«ከዚያማ ከብቱ ጠጥቶ እስኪሄድ መጠበቅ ነው። ከብት ረግጦ ባደፈረሰው ውሃ ውስጥ ትሉ ይነሣል፤ ዓሣው እሱን ብሎ ይመጣል። ድፍርሱ አንተንም ይሸፍንሃል። ደግሞ ፀሐይ ፊትህን ትምታው እንጂ ጀርባህን አትስጣት፤ ጥላህ ውሃው ላይ ከወደቀ አበቃ።»

«አጃኢብ!» ይላል እሱ፣ አገጩን በእጁ ይዞ።

«እማዬ፣ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተማ ዘንግ አለህ» አለችኝ።

የተናገረችው በክፋት አልነበረም። ዘንግ ያለው ሰው ነገሩን የሚያውቅ መስሏት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስር በተለቀመ ቁጥር ጆሮዬን አቆም ጀመር። እሱ ይጠይቃታል፤ እሷ ትመልስለታለች። እኔ ስገባ ወሬው ወደ ትምህርትና ወደ ሱቅ ይዞራል። በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

በጥር መግቢያ ከቆላ ለገበያ የወጣ ሰው ከአያቴ መልእክት አመጣ። አያቴ ዓይናቸው ደክሟል። ጥርሳቸውም ስላለቀ ሥጋ ማላመጥ አቅቷቸዋል። «ዓሣ አማረኝ። ወንዙ ከደጄ እያለ የሚያወጣልኝ ሰው አጣሁ» ብለዋል። እናቴ ይህን እንደሰማች ለአስተርዮ ማርያም እወርዳለሁ አለች። አንዳችን ተከትሏት እንዲሄድ፣ ሌላው ከአባቴ ጋር ሱቅ እንዲጠብቅ ከአባቴ ጋር ተነጋገሩ።

የምሄደው እኔ ለመሆኔ አልተጠራጠርኩም። አያቴ ያዩኝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ሳለሁ ነው ይሉኛል። መልካቸውን እንኳ አላውቀውም። ሌሎች ልጆች አያቴ እንዲህ አሉኝ፣ አያቴ ይህን ሰጡኝ ሲሉ እኔ የምለው አልነበረኝም። አባቴ ግን ቀልድ ይወዳል።

«ሽማግሌው የጠየቁት የልጅ ልጅ አይደለም፤ ዓሣ ነው» አለ። «ከጥምቀት በፊት እዚሁ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ዓሣ ያመጣ ይውረድ።»

እናቴ አልሳቀችም። «እውነትህን ነው» አለች።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁለታችንም ወንዝ ወረድን። የከተማው ሰው ሁሉ ለበዓሉ ነጭ ልብሱን ሊያጥብ ወጥቷል። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር የእንዶድ አረፋ ለብሶ ወተት መስሏል። እውነቱን ለመናገር ሰው በመብዛቱ ደስ አለኝ፤ ሁሉም ያየኛል። አጣቢዎቹ ካሉበት ዝቅ ብሎ ጥልቅ የሆነውን ውሃ መርጬ ቆምኩ፤ ዘንጉን ገጣጠምኩ፤ ትልቁን የቆርቆሮ ዓሣ አሰርኩና ወረወርኩ። መዘውሩ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ያምራል። ደጋግሜ ወረወርኩ። ጥቂት ቆይቶ ክሩ ከበደኝ፤ ልቤ ዘለለ። በሙሉ ኃይሌ ስስብ ከወዲያኛው ዳር ድንጋይ ላይ የተሰጣ ጋቢ እየተጎተተ ውሃ ውስጥ ገባ።

«ኧረ ጋቢዬን!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ተይው፣ ያድግለታል!» አለች ሌላዋ። «ትንሽ ጋቢ ነው፣ ወደ ውሃው ይመልሰው!»

ወንዙ ዳር የነበረው ሁሉ ሳቀ። መንጠቆውን ከጋቢው ላይ እስክነቅል ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ።

ጓደኛዬ በዚያ ሁሉ መሐል የራሱን ልብስ አጥቦ ሣር ላይ ሲያሰጣ አይቼው ነበር። ከዚያ ጠፋ። ብዙ ቆይቶ በጎባጣ መርፌው የያዛቸውን ዓሣዎች በቄጠማ ሰክቶ፣ እርጥብ ልብሱን በትከሻው ጥሎ መጣ። ሴቶቹ ማጠባቸውን ትተው ዓሣዎቹን ይቆጥሩ ጀመር። እልልታ ቢያሰሙ ይሻለኝ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት፣ ዳገቱን ስንወጣ።

«ከታች፣ ምንጩ ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት።»

«እናቴ ናት የነገረችህ?»

«ኧረ እትዬም አታውቀውም። እንዶድ ለዓሣ መርዝ ነው። አርብ አርብ ልብሴን ሳጥብ አያለሁ። አረፋው ሲወርድ ትንንሾቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ፤ ጠንካሮቹ ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወደ ምንጩ አፍ ይሸሻሉ። እዚያ ተጣብበው ይቆማሉ። አንተ ልብስህን አጥበህ ስለማታውቅ ነው።»

ሊነካኝ ብሎ አልተናገረውም፤ እውነቱን ነው የነገረኝ። የእኔን ልብስ እናቴ ታጥብልኛለች፤ እሱ ግን እናቱ ከላላ ስለሆነች ራሱ ያጥባል። እኔ ግን በዚያ ዳገት ላይ በልብስ ማጠቡ ሳይቀር ቀናሁበት።

ያን ዕለት ሁላችንም ከአንድ ትሪ ዓሣ በላን። እናቴ እሾኩን እየለቀመች አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለእሱ አጎረሰችን። የእሱ ጉርሻ የበለጠ መስሎኝ በዓይኔ ለካሁት። ተበልቶ ሲያልቅ እጇን ታጥባ ወደ እኔ ዞረች።

«አብሽር የኔ ልጅ» አለችኝ። «አንተን አባባ ሌላ ጊዜ ያዩሃል። ዓሣው ግን አሁን ነው ያማራቸው።»

ከጥምቀት በኋላ እሷ በበቅሎ፣ እሱ በእግሩ ወረዱ። እኔ አጥር በሩን ከፍቼ አሳለፍኳቸው። ከዚያም ሱቅ ተቀምጬ ላምባ እየለካሁ፣ አሁን ቁልቁለቱን ጨረሱ፣ አሁን አያቴ ደጅ ደረሱ እያልኩ ዋልኩ። ደንበኛ ሲጠራኝ ሁለቴ ካልጠራኝ አልሰማም። አባቴ፣ «ሰውዬው ጨው ነው የጠየቀህ፣ ላምባ አይደለም» እያለ ይቆጣኝ ነበር። ዘንጉን አውጥቼ ወለወልኩት፤ መልሼ ከአልጋዬ ሥር ከተትኩት።

ሲመለሱ ጓደኛዬን ፀሐይ አክስላዋለች። ደስታው ግን ፊቱ ላይ ተጽፏል። እናቴ ጓዟን ስትፈታ ከአጠገቧ ቆሞ ይነግረኝ ጀመር።

«አያትህ ደግ ሰው ናቸው ወላሂ! ዓሣውን ሲበሉ ራሴን ዳበሱኝ። ‹የልጄ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ፤ ዕድሜህ ይርዘም› ብለው መረቁኝ።»

«የልጄ ልጅ?»

«ዓይናቸው አያይም እኮ። አንተን መስዬአቸው ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«አሜን አልኩ።»

«አሜን?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም ይባላል?»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «እማዬ፣ እኔ እንዳልሆንኩ አልነገርሻቸውም?»

እናቴ ከጓዟ ላይ ቀና ሳትል፣ «እሾኩን እየለቀምኩላቸው ነበር» አለች። «አፋቸው ሞልቷል፣ ፊታቸው በርቷል። በዚያ መሐል ይኼ የሰው ልጅ ነው፣ የእርስዎ ልጅ ሱቅ ይጠብቃል ልበላቸው?»

ትቻቸው ወጣሁ። ዓሣውን ማጥመዱንስ ያጥምድ፤ መንገዱንም ይሂድ። እኔ ሆኖ መመረቁ ግን አንገበገበኝ። ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። ትምህርት ቤት ስንሄድ ቀድሜው እራመዳለሁ። እሱ ከኋላዬ፣ «ኧረ ስደበኝና ይውጣልህ!» ይላል። ስድብም አልወጣልኝም።

ጾሙ ከገባ በኋላ ያው የቆላ ሰው እንደገና ለገበያ መጣ። እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። «አባትሽ፣ ያ ዓሣ አጥማጁ የልጄ ልጅ ለፋሲካ ይምጣልኝ ብለዋል» አላት እናቴን። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ከእኔ ቀጥላ ከበሩ አጠገብ የቆመውን ጓደኛዬን አየች። ጓደኛዬ አንገቱን አቀረቀረ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ጓደኛዬ ወደ ጓሮ ጠራኝ።

«ስማኝ» አለ። «ለእረፍቱ እኔ ከላላ፣ አባቴ ዘንድ ነው የምሄደው። ብቀር እንኳ ሁለተኛ አልሄድም። ምርቃቱ የእኔ አይደለም፤ አሜን ካልኩ ጀምሮ የሰው ዕቃ እንደያዝኩ ሆኖ ይሰማኛል። ዓሣ ማጥመድ ተማርና ሄደህ ውሰደው።»

«ማን ያስተምረኛል?»

«እኔ ነኛ! ጋቢ ማጥመዱንማ ትችላለህ።»

በግድ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ሲያልቅ አብረን ወንዝ እንወርድ ጀመር። የመጀመሪያ ሥራው ከመዘውሬ ላይ ናይለኑን መፍታት ነበር። «ክሩ ጥሩ ነው፤ የቀረው ሁሉ ድምፅ ብቻ ነው» አለኝ። ዘንጉን እቤት አስቀረው። የቆርቆሮ ዓሣዎቹን ለሕፃናት መጫወቻ ልሰጥ ብል መንጠቆአቸው አስፈራኝ፤ «እንግዲያው ሣጥናቸው ውስጥ ተዋቸው» አለኝ። መርፌ አጉብጦ ሰጠኝ፤ ክሩን በጣቴ ላይ አዙሬ እንድይዝ አደረገኝ።

መማሩ ከመቅናት ይከብድ ነበር። እሱ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ድንጋዩ እንኳ አያውቅም። እኔ ስቀመጥ ጠጠር ይንከባለላል። «ወታደር ነህ? ቀስ ብለህ እርገጥ» ይለኛል። ክሩ ነቅነቅ ሲል ቶሎ እስባለሁ፤ ባዶ መርፌ ይወጣል። «እየቀመሰ ነው እኮ። አንተ ገና ምግብ ሲቀርብልህ ትሪውን ቢነጥቁህ ትወዳለህ?» ይላል። ቶሎ አልስብም ስል ደግሞ ትሉን በልቶ ይሄዳል። መቼ እንደሚሳብ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። አሰበ፣ አሰበና፣ «በቃል አላውቀውም፤ ጣቴ ነው የሚያውቀው» አለኝ። የደበቀኝ መሰለኝ። ብዙ ዓሣ ካመለጠኝ በኋላ ነው እውነቱን እንደነበር የገባኝ። አንድ ቀን ከብቶቹ ጠጥተው ከሄዱ በኋላ በድፍርሱ ውሃ ዳር ተቀምጬ፣ ምንም ሳላስብ ጣቴ ራሱ ሳበ። እጄን የምታህል ዓሣ ሣር ላይ ወደቀች። ጓደኛዬ ከእኔ በላይ ጮኸ። ያ ጩኸቱ ደግሞ ትንሽ አናደደኝ፤ የእኔ ደስታ እንኳ መጀመሪያ የወጣው ከእሱ አፍ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከእናቴ ጋር ወረድኩ። ቁልቁለቱን በወረድን መጠን ጋቢዬ ከበደኝ፤ ገብሱ ቀርቶ የማሽላ አገዳ መጣ። አያቴ ደጃፋቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን ናቸው፤ አፍንጫቸው የእናቴ አፍንጫ ነው። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ራሴን ዳበሱኝ፤ እጃቸው ቆመ።

«ጸጉርህ ከርዳዳ ሆነሳ? ያን ጊዜ ለስላሳ ነበር።»

«አቧራው ነው አባባ» አለች እናቴ ቶሎ ብላ። «መንገዱ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ወንዝ ወረድኩ። ወንዙ ከእኛው ይሰፋል፤ ውሃው ጠልሏል። የሰፈሩ ከብት እስኪጠጣ ጠበቅኩ፤ ፀሐይን ፊቴ ላይ አደረግኩ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ጣቴን ብቻ አዳመጥኩ። ባዶ እጄን ብመለስ የልጅ ልጃቸው ማን ሊሆን ነው? ረፋዱ ላይ ሁለት ያዝኩ፤ አንዷ ትንሽ ናት።

እናቴ ጠበሰቻቸው፤ እሾኩን እየለቀመች አጎረሰቻቸው። አያቴ በድዳቸው ቀስ ብለው አላመጡ። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ አፋቸውን እመለከታለሁ። ውጠው ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ።»

«አሜን» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና፣ «ያን ጊዜ ያመጣኸው ግን ይበልጥ ነበር» አሉ።

እናቴ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ መሆኑን አውቄያለሁ። እኔ ምን ልበል?

«አዎ አባባ፣ ይበልጥ ነበር» አልኩ።

«ውሃው ጎድሎ ይሆናል። አይክፋህ። ና፣ ቀረብ በል።» ጆሮዬን በእጃቸው ፈልገው አገኙትና በሹክሹክታ አንድ ቦታ ነገሩኝ፤ በጎልማሳነታቸው ከሁሉ ይበልጥ ያጠምዱበት የነበረውን። በምን ሰዓት እንደሚወረድበት፣ የት እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። «ይህን ያን ጊዜ አልነገርኩህም። ለእናትህም ነግሬያት አላውቅም» አሉ።

በማግሥቱ እዚያ ወረድኩ። ያመጣሁትን ትልቅ ዓሣ አያቴ በእጃቸው መዝነው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያን ጊዜው ዓሣ አላነሡም።

መካነ ሰላም ስመለስ ጓደኛዬ ከከላላ ቀድሞኝ መጥቶ ነበር። ስለ ጸጉሬ፣ ስለ ትንሿ ዓሣ፣ ስለ እናቴ ሳቅ፣ በማግሥቱ ስላመጣሁት ትልቅ ዓሣም ነገርኩት፤ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። «ታዲያ ትልቁን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። እሱ ለእኔ የሚያውቀውን ሁሉ አስተምሮኛል፤ አንድም ነገር አልደበቀኝም። አሁንም ከሚማርበት ከደሴ በሚጽፍልኝ ጊዜ ይጠይቀኛል። እኔ ግን ቦታውን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እዚህም አልጽፈውም።